ኮዴን ሽማግሌ ፊት ያቆምኩ ቀን

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ማን እንደሆንኩ ይታወቅልኝ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጉራ የሚያስፈልገው ሥራው ለማይመሰክርለት ሰው ነው። ቡታጅራ መነኸሪያ ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ዕቃ ጠግኛለሁ። በሬዲዮ ጀመርኩ። ሬዲዮው ሲያልፍበት ቴፕ ጠገንኩ፣ ቴፑ ሲያልፍበት ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ሞባይል። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሊያስተምረኝ የሚችልም አልነበረም። በዚያ ሁሉ ዓመት ከእጄ ሳይሠራ የተመለሰ ዕቃ በጣት የሚቆጠር ነው፤ እሱም ቢሆን ባለቤቱ ጭቃ ውስጥ ጥሎት ያመጣው ነው።

ስልሳ ዓመት ሲሞላኝ ኮምፒውተር ጀመርኩ። አንድ ደንበኛ ለጥገና ያመጣው ላፕቶፕ ነበር፤ የስክሪኑ የታችኛው ግማሽ ጠቁሯል። ሰውዬው አዲስ አበባ ሄዶ በዚያው ቀረ። ሁለት ዓመት ጠበቅኩትና የእኔ ሆነ። በዚያ ግማሽ ስክሪን ላይ፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በአንድ እጄ፣ መዝገበ ቃላት በሌላው ይዤ ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ። ባለ ዲግሪው ሁሉ በሙሉ ስክሪን የተማረውን እኔ በግማሹ ተማርኩት። ይህን የሚያክል ሥራ የሠራ ሌላ ሰው በከተማችን ካለ ይምጣና እንተያይ።

ዋናው ሥራዬ የመነኸሪያው ተራ ነው። ቀድሞ ሚኒባሶቹ ሲገቡ ታርጋቸው በወረቀት ይጻፍ ነበር። ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ይሰረዛል፣ ዝናብ ይበላዋል፤ ሾፌሮቹም በየማለዳው አንገት ለአንገት ይያያዛሉ። እኔ አንድ ፕሮግራም ጻፍኩላቸው። የስምሪት ሠራተኛው መኪናው የደረሰበትን ሰዓት ያስገባል፤ ፕሮግራሙ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚጭን በስክሪን ያወጣል። በፈቃድ ወጥቶ የሚመለስ መኪና ደግሞ የቀድሞ ተራው ይጠበቅለታል። ሦስት ዓመት ሠራ፤ ማንም ጣቱን ሳያስገባበት።

ከዚያ የወልቂጤዎቹ መጡ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ አምስት ስድስት ወጣቶች ለከተማቸው መነኸሪያ ተመሳሳይ ፕሮግራም ጽፈው ኖሯል። ከቡታጅራ በአገና በኩል ወልቂጤ የሚመላለሱት መኪኖች ያው ስለሆኑ፣ ከእኛ ዘንድ የወጣ መኪና እዚያ በራሱ እንዲመዘገብ ሁለቱ ፕሮግራሞች አንድ ይሁኑ ተባለ። ሐሳቡን አልተቃወምኩም። ኮዱ፣ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ማለቴ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ከሁለቱም ከተማ የፈለገ ይጨምርበታል፤ የሚመጣውን መርምራ የምታስገባ ግን አንዲት ልጅ ናት። በር ጠባቂ በሏት። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው። እኔ መበየጃ ስጨብጥ እናቷ ገና ፊደል አልቆጠረችም።

የቡታጅራውን ክፍል ላክሁላት። በማግስቱ አርባ ሦስት አስተያየት ጻፈችብኝ። አርባ ሦስት! «ይህ መስመር በጣም ረጅም ነው።» «ይህ ስም ምንን ያመለክታል?» «በውስጥ ያለው ትእዛዝ ከዳር ገባ ብሎ ይጻፍ።» «ይህ ከላይ ያለው ቅጂ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ጽፈው ከየቦታው ይጥሩት።» ይህችን የመጨረሻዋን ስድስት ጊዜ ደጋግማታለች። ከሁሉ ሥር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ኮዱ ይሠራል። ነገር ግን የጋራ ደንባችንን ስለማይከተል ልናስገባው አንችልም።» የደንቡንም አድራሻ አያይዛለች፤ አሥራ ዘጠኝ ገጽ፣ ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ።

ይሠራል፤ ግን አናስገባውም። የሚያወራ ሬዲዮ ውስጡ ያለው ሽቦ አልተሰለፈም ተብሎ ሲጣል ያየ ሰው አለ?

መስመሮቼ ረጃጅም የሆኑበትን ምክንያት ማንም አልጠየቀኝም። ግማሽ ስክሪን ላይ የሚጽፍ ሰው ወደ ታች ቦታ የለውም፤ ያለው ወደ ጎን ነው። ስለዚህ ሌላው በስድስት መስመር የሚጽፈውን እኔ በአንድ መስመር እዘረጋዋለሁ። ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሱ መፈለግም ስለሚያደክም፣ አንድ ጊዜ የጻፍኩት ነገር ሌላ ቦታ ሲያስፈልገኝ እዚያው ደግሜ እጽፈዋለሁ። ስሞቹንም አሳጥራለሁ። እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ሌላ ማን ሊያውቃቸው ኖሯል?

ደወልኩላት።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና አልዋልኩም። አርባ ሦስት ቦታ ወግተሽኝ እንዴት ደህና እውላለሁ?»

«አልወጋሁዎትም። ለሁሉም ነው የምንጽፈው። የእኔንም ሲያዩ ይጽፉብኛል።»

«ስንት ጻፉብሽ?»

«አንዳንዴ ሁለት፣ ሦስት።»

«አየሽ!»

«ጋሼ፣ መሣሪያ አለ እኮ። አንዴ ሲጫኑት መስመሩን ራሱ ያስተካክልልዎታል።»

«የእጄን ሥራ ለማሽን ሰጥቼ አላውቅም።»

«ታዲያ የሚጽፉት በምን ላይ ነው? በብራና?»

አፍ አላት። ከኋላዋ ጓደኞቿ ሲስቁ ሰማሁ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዋናውን ነገር ተናገረች። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስተካከልኩት የቡታጅራውን ክፍል እነሱው እንደ አዲስ ይጽፉታል፤ የእኔ ይወጣል። ሦስት ዓመት መነኸሪያውን ያስተዳደረው ሥራዬ እንደ አሮጌ ጎማ ሊጣል ነው።

«ሽማግሌ ይየን!» አልኳት።

«ለኮድ?»

«ለኮድ! ለድንበር፣ ለጋብቻ፣ ለከብት ሽማግሌ ይቀመጥ የለ? ለኮድ የማይቀመጠው ለምንድን ነው?»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም፤ «እሺ ጋሼ። ግን እዚህ ወልቂጤ ይሁን። ሽማግሌ ካየው በኋላ ደግሞ ሌላ ክርክር የለም» አለች።

«የትም ይሁን» አልኩና ዘጋሁት። በማንም ፊት ባቀርበው የማላፍርበት ሥራ ነው።

በቀጠሮው ቀን ወልቂጤ የሄድኩት በአንድ ሾፌር ሚኒባስ ነው። የዚህ ሰውዬ ነገር ቀድሞ መነገር አለበት። ከሰባት ወር ጀምሮ ሱቄ ደጃፍ እየመጣ ይጨቀጭቀኛል። ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት መጥቶ ይመዘገባል። ከዚያ ሰፈሩ ያሉ አራት አዛውንቶችን በመኪናው ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት መስጊድ ያደርሳል፣ አብሯቸው ሰግዶ ወደየቤታቸው ይመልሳቸዋል፣ ከዚያ መነኸሪያ ይመለሳል። ለዚህ የስምሪት ፈቃድ አለው። ሲመለስ ግን፣ አንዳንድ ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በኋላ ከመጡት ኋላ ተራው ይወጣል ይላል። «አንዳንድ ቀን» የሚል ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ማሽን አንዳንድ ቀን አይሳሳትም። ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። አርፍዶ እየመጣ እንደሚዋሽ በሰው ፊት ነግሬው ነበር።

ያን ዕለት ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። እስከ አገና አልተናገረኝም። አገና ተሳፋሪ አውርዶ ሲነሳ «ኢንጂነሩ፣ ዛሬ ወልቂጤ ምን አለ?» አለኝ። ኢንጂነር የሚለኝ ሲሳደብ ነው።

«ሥራዬን ሊጥሉት ነው። ሽማግሌ ተቀምጧል።»

«ወይ አላህ! ሊጥሉት ነው? እኔም መጥቼ ልመርቃቸው?»

«አንተ መንገዱን እይ» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከወልቂጤ ዳር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ዝግባ ጥላ ሥር ነው። ሦስት ነበሩ። አንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሣር ቤት ሲሠሩ የኖሩ ቤት ሠሪ ናቸው፤ ሁለተኛው ጨርቅ የሚነግዱ ሐጂ፤ ሦስተኛው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጅቷ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች። ያን ጊዜ ገና በአካል አየኋት፤ ቀጫጫ ናት፤ ያ ሁሉ አስተያየት ከዚያ ሰውነት መውጣቱ ገረመኝ።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ከዚያ ሐጂ «ዋስ ጥሩ» አሉ። በእኛ ወግ ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ፍርዱን ላለማፍረስ ዋስ ይጠራል፤ ካፈረሰ ተጠያቂው ዋሱ ነው። ልጅቷ አጎቷን ጠራች። እኔ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። በወልቂጤ ከተማ ጥዋ ሙሉ ውሃ የሚያቀብለኝ ሰው የለኝም። በአጥሩ በር በኩል ሾፌሩ መኪናውን ተደግፎ ጥርሱን በመፋቂያ ያጸዳል።

ምን ላድርግ። ጠራሁት።

«እኔ?» አለ። «እኔ ውሸታሙ?»

«አዎ፣ አንተ።»

ሐጂን ሰላም ብሎ እጃቸውን ሳመ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እሺ፣ ዋስ እሆናለሁ። ግን ሽማግሌዎች ይስሙልኝ። ፍርዱን ካፈረሰ ሱቁ ደጃፍ መኪናዬን አቁሜ አልነሳም። ደንበኛ በጣሪያ ይግባ።» ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ልጅቷ ኮዱን በወረቀት አሳትማ አምጥታለች። የእነሱን አንድ በአንድ ሣሩ ላይ አስቀመጠች። የእኔን ግን ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን አግድም አዙሮትም መስመሮቼ ስላልበቁት ሁለት ሁለት ወረቀት በፕላስተር አያይዛዋለች። ስትዘረጋው የአንድ ሰው ቁመት ያህል ሆነ። ነፋስ እንዳይወስደው አጎቷ ድንጋይ ጫነበት።

«ይሠራል?» አሉ ሐጂ።

«ይሠራል» አልኩ።

«አንቺስ? ይሠራል ትያለሽ?»

«ይሠራል፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን አጣላችሁ?»

«የሚያነቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህ ደግሞ የጋራ ነው። ነገ እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ...»

«ምን እሆናለሁ? አልሞትኩ!» አልኩ።

«አልሞቱም። ግን ባለፈው ታመው ሳምንት ሲተኙ የስምሪት ሠራተኛው ተራው ተበላሸ ብሎ ለእኔ ደውሎ ነበር። ከፈትኩት። ግማሽ ቀን ተቀምጬ አንድ መስመር መጨረስ አቃተኝ።»

«ይህ የእኔ ጥፋት ነው ወይስ የአስተማሪሽ?»

«ዋስህን አስብ» አሉኝ ሐጂ። ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

ቤት ሠሪው ተነሱና በዘንጋቸው ጫፍ የወረቀቶቹን ግራ ዳር እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች ሄዱ። የእነ ልጅቷን ሦስት ወረቀት አይተው «ይህ የማን ነው?» አሉ።

«የመጀመሪያው የእኔ፣ ሁለተኛው የጓደኛዬ፣ ሦስተኛው የሌላ ልጅ።»

«አይለይም።»

«እንዳይለይ ብለን ነው፣ አባባ። ማንም የማንንም እንዲያርም።»

ወደ እኔ ወረቀት መጡ። «ያንተን ግን ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ።»

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

ሾፌሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ዛፉ ዞረ።

«ጀፎሮ ላይ ነው ያደግከው?» አሉኝ ቤት ሠሪው።

ጀፎሮ የመንደራችን ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ ለቅሶውም ሠርጉም እዚያ ላይ ነው፤ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። «እዚያው ነው ያደግኩት» አልኩ።

«አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎሮው ያወጣ ሰው ምን ይባላል?»

ወጥመዱ ታየኝ። «አጥርህን መልስ ይባላል» አልኩ።

«ቤቱ ከሰፈሩ ሁሉ ያማረ ቢሆንስ?»

«ቢያምርም ይመልሳል።»

ዘንጋቸውን በጣም ወደ ቀኝ በወጣው መስመሬ ጫፍ ላይ አሳረፉ። ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ይደፋል። እኔ ግን ሥራ የማውቅ ሰው ነኝ፤ የተበላሸውን ዕቃ ትቼ የመብራቱን መስመር አያለሁ።

«ጀፎሮውን ግን ሁሉም ያየዋል!» አልኩ። «ዓይን ያለው ሁሉ አጥሩ የት እንደሚቆም ያውቃል። የእነሱ ደንብ አሥራ ዘጠኝ ገጽ እንግሊዝኛ ነው። እነሱም ጉራጌ፣ እኔም ጉራጌ፤ ስንጣላ በአማርኛ፤ ድንበሩ ግን በእንግሊዝኛ! ችካሉን ሰው በማያየው ቦታ ቀብሮ ተሻገርክ ማለት የት አገር ያለ ወግ ነው?»

ሐጂ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለች። አንገቷን ስትደፋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ከሌላ ቦታ ወስደን ነው የተጠቀምንበት። በአማርኛ ይጻፍ ብሎ የጠየቀን አልነበረም።»

«እኔ ጠየቅኩ።»

«አልጠየቁም ጋሼ። ሰደቡን እንጂ።»

ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ ብለው ተመካከሩና ፈረዱ። እኔ ኮዱን እንደ ደንቡ አስተካክላለሁ፤ ጊዜው በአንድ ወር ይራዘማል፤ ልጅቷ ደንቡን በአማርኛ ጽፋ በሳምንት ውስጥ ትልክልኛለች። ልጅቷ «መስመሩን እንኳ መሣሪያው በአንድ ደቂቃ...» ብላ ስትጀምር ቤት ሠሪው አቋረጧት። «አጥሩን ያወጣው እጁ ነው። እጁ ይመልሰው።» በዚያ ቀን ከተናገሩት ሁሉ የወደድኩላቸው ይህችን ብቻ ነው።

ስንመለስ ሾፌሩ አገና እስክንደርስ እያፏጨ ነዳ። «አንድ ወር» አለኝ። «የሱቅህ ጣሪያ ጠንካራ ነው?»

ደንቡ በአምስተኛው ቀን መጣ፤ ሰባት ገጽ። ለካስ ከአሥራ ዘጠኙ ውስጥ አሥራ ሁለቱ ለእኛ የማይሆን ኖሯል። ይህንንም እኔ ባልከራከር ማንም አያውቀውም ነበር። አማርኛዋ ደህና ነው። ከእያንዳንዱ ደንብ ሥር ለምን እንደተደነገገ አንድ መስመር ጽፋለች። አንዱ «ያው ሥራ በሁለት ቦታ አይጻፍ፤ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳልና» ይላል። እኔ አልረሳም፣ አልኩና ሥራዬን ጀመርኩ።

መነኸሪያው ከመጋዘን አንድ አሮጌ ሙሉ ስክሪን አወጣልኝ። በሁለት ጣቴ ነው የምጽፈው፤ ሁለቱም ጣቶቼ ከሌላው ሰው አሥር ይበልጣሉ። ዘጠኝ መቶ መስመር የነበረው ሲዘረጋ ከሁለት ሺህ በላይ ሆነ። እያንዳንዱን ረጅም መስመር ሰበርኩ፣ በውስጥ ያለውን ወደ ውስጥ አስገባሁ፣ ለስሞቹ ሙሉ ስም ሰጠኋቸው። ሱቅ የሚመጣውን ደንበኛ እያባረርኩ ሠራሁ። ልጅቷን በየመስመሩ እረግማት ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ሰዓት የሚያነጻጽረው ጋ ደረስኩ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ኮምፒውተርን ያሳስተዋል። ለሰው አሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ከአንድ ሰዓት ጠዋት ይቀድማል፤ ለኮምፒውተር ግን አሥራ አንድ ከአንድ ይበልጣል፣ ስለዚህ ኋላ ያስቀምጠዋል። ይህን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ደርሼበት፣ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚያስቆጥር አንድ ትእዛዝ ጽፌለት ነበር። ዲግሪ ሳይኖረኝ። ኮዴ ውስጥ ሰዓት የሚነጻጸርበት ቦታ ሰባት ነው። እንደ ልማዴ ሰባቱም ቦታ ደግሜ ጽፌዋለሁ።

አሁን ደንቡ አንድ ቦታ ይጻፍ ስለሚል ሰባቱን ሰብስቤ አንድ ላደርጋቸው እርስ በርስ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ስድስቱ አንድ ናቸው። ሰባተኛው አጠረ። ያቺ ትእዛዝ የለችም።

ሰባተኛው የት ነው የሚሠራው? በፈቃድ ወጥቶ የሚመለስ መኪና ተራው ሲመለስለት።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። ጉድለቷ በፊት በአንድ ረጅም መስመር ውስጥ፣ ከስክሪኑ ቀኝ ጫፍ ባሻገር ነበረች፤ ዓይኔ ደርሶባት አያውቅም። በአሥራ አንድ ሰዓት ተመዝግቦ የወጣ መኪና ከአንድ ሰዓት በፊት ከተመለሰ ምንም አይሆንም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከተመለሰ ግን በአንድ ሰዓት ከመጡት ኋላ ይሰለፋል። አዛውንቶቹ መስጊድ ደጅ ቆመው ወሬ ሲይዙ ሾፌሩ ያረፍዳል፤ ያን ቀን ተራውን ያጣል። ቶሎ ሲወጡለት አያጣም። አንዳንድ ቀን።

ልጅቷ አላገኘችውም። ጓደኞቿ አላገኙትም። ያገኘሁት እኔ ነኝ። ማሽን መስመሩን አስተካክሎልኝ ቢሆን ኖሮ እኔም አላየውም ነበር፤ ያየሁት እያንዳንዷን በጣቴ ስለነካኋት ነው። ይህን ያመነ ይመን።

ረፋድ ላይ መነኸሪያ ወጣሁ። ሾፌሩ ጎማ እየነፋ ነው። አጠገቡ ሌሎች ሾፌሮች ቆመዋል፤ ውሸታም ያልኩትም በእነሱ ፊት ስለነበር ይህም በእነሱ ፊት እንዲሆን ፈለግኩ። በጓዳ የሚነገር እውነት ግማሽ እውነት ነው።

«ፕሮግራሙ ላይ ስህተት አገኘሁ» አልኩት።

«የማን ስህተት?»

«የፕሮግራሙ።»

«ፕሮግራሙን ማን ወለደው?»

«እኔ ጻፍኩት።»

«እህ!» የጎማውን መንፊያ ጣለው። «ሰባት ወር! ሰባት ወር ውሸታም ብለኸኝ! አዛውንቶቹን ወሬ አሳጥሩልኝ እያልኩ ከአባቴ ጓደኞች ጋር ተጣላሁ! አንዱ መኪናዬ ላይ አልወጣም ብሎ በእግሩ ነው የሚሄደው!»

«አውቄያለሁ። ከነገ ጀምሮ ተራህ በቦታው ነው።»

«ይቅርታስ?»

«ተራህ በቦታው ነው አልኩህ እኮ።»

አየኝ። ሌሎቹም አዩኝ። ከዚያ ለጓደኞቹ «ሰማችሁ? ኢንጂነሩ በእሱ ቋንቋ ይቅርታ ጠየቀኝ» አለ። ሳቁ። ያ ቃል በዚያ ቀን ስድብ አልመሰለኝም፤ ቢሆንም አልተቀበልኩትም።

የተስተካከለውን ኮድ ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ላክሁ። ልጅቷ በማግስቱ መለሰች። ሁለት አስተያየት። አንዱ በአንድ ቦታ ባዶ መስመር ጎድሏል የሚል ነው። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «ሰባተኛው ላይ የነበረውን ስህተት እንዴት አገኙት? እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤ አላየሁትም።» አልመለስኩላትም። ባዶ መስመሯን ጨምሬ መልሼ ላክሁ፤ ከሰዓት በኋላ ገባ።

አሁን መነኸሪያው ስክሪን ላይ የሚወጣው ተራ የእኔ ነው፤ የወልቂጤውም ልጅ፣ የአገናውም ልጅ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ የእኔን ክፍል ሲያርም አንድ ትእዛዝ ሁለት ቦታ ደግሞ ጻፈ። አስተያየት ጻፍኩበት። አንድ አይደለም፤ አራት ጻፍኩበት። ልጅቷ ደውላ «ጋሼ፣ ትንሽ ለስለስ ያድርጉት፤ ጀማሪ ነው» አለችኝ። ለእኔ ማን አለሰለሰልኝ? አልኳት።

የሠራሁት ይህ ነው፦

በግማሽ ስክሪን ላይ፣ ያለ መምህር፣ ፕሮግራም መጻፍ ተምሬአለሁ።

የቡታጅራ መነኸሪያን ከወረቀት አውጥቻለሁ።

በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ኮድ ሽማግሌ ፊት አቁሜአለሁ፤ ከእኔ በፊት ያቆመ ካለ ይንገረኝ።

አሥራ ዘጠኝ ገጽ እንግሊዝኛ ሰባት ገጽ አማርኛ እንዲሆን አድርጌአለሁ። አሁን የሚመጡት ጀማሪዎች ሁሉ የሚያነቡት ያንን ነው።

ከሁለት ሺህ በላይ መስመር በሁለት ጣት አስተካክያለሁ፤ ያለ መሣሪያ።

ማንም ያላየውን ስህተት አግኝቻለሁ። የእኔ ነበር።

የሾፌሩን ተራ መልሻለሁ። በእግራቸው ይሄዱ የነበሩት አዛውንትም ወደ መኪናው ተመልሰዋል፤ ይህን ለማስመለስ ቤታቸው ድረስ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ሾፌሩ አያውቅም።

ዋሴን አላሳፈርኩም።

ልጅቷን ግን አላመሰገንኩም።